ሁለት ፊደል

«ማሳ ሲገለበጥ የሚለበልብ» ሲል አነበበ ኖርማን። «ሁለት ፊደል።»

ግሌንዳ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

«ስንት አልክ?»

«ሁለት። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረሽ ሁለት መቁጠር አቃተሽ እንዴ?»

«አፍህን ዝጋና እንደገና አንብበው።»

እንደገና አነበበው። ዓይኖቿ ማንበብ ከተሳናቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቷ ኖርማን ዘወትር ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በጓሮው በር ይገባል፣ ውሃ ይጥዳል፣ የሃሊፋክስን ጋዜጣ ዘርግቶ የመስቀለኛ ቃላቱን ፍንጮች ያነብላታል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ፍንጮቹ የሰካራም ወሬ ይመስሉት ነበር። እሷ ናት ያስተማረችው፤ አንደኛው ጫፍ የመልሱ ትርጉም ነው፣ የቀረው ወደ መልሱ የሚወስድ መንገድ። ታሪኩን አትመን፣ ቃላቱን ግን እመን።

«ማሳን ገልብጠው» አለች። «ከኋላ ወደ ፊት። ሳማ። ሳማ ይለበልባል።»

«ሳማ!» አለ ኖርማን። «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!»

ብስኩቱ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ሰመጠ። ግሌንዳ ግድ አልሰጣትም። ሌላ ቀን ቢሆን ኖርማን «አልገባኝም» ብሎ ሦስት ጊዜ ያስደግማት ነበር። ዛሬ ምንም አልጠየቀም። ደግሞስ በሃያ ዓመት ውስጥ ጋዜጣው መቼ ነው የሁለት ፊደል መልስ ያወጣው? ሕግ ነው፤ ከሦስት በታች አይፈቀድም። አዘጋጁ «ጃርት» በሚል የብዕር ስም ነው የሚጽፈው፤ ተንኮለኛ ነው፣ ሕግ ሲጥስ ግን አይታ አታውቅም።

«ወደ ጎን ነው ወደ ታች?»

«ወደ... ጎን።»

«ሳ ላይ የሚያልፈው ወደ ታች ምንድን ነው?»

ኖርማን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ገና ነው። ባዶ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያለሁት? ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣች፤ እየጠጣችም አሰበች። ትናንት አንዱ መልስ «ፍሬን» ነበር፤ የሹፌር ቃል። ከትናንት ወዲያ «ጎመን»፣ ከዚያ በፊትም «ጎመን»። ጃርት ከመቼ ወዲህ ነው አትክልተኛ የሆነው? ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ቁራሽ መሬት ተከራይቶ ጎመን የሚያለማው፣ ሳማ ለበለበኝ እያለ እጁን የሚያክከው ሌላ ሰው ነው፤ አሁን ፊት ለፊቷ የተቀመጠው። ጆሮዋን አቆመች። ጋዜጣ ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል። ኖርማን እጅ ላይ ያለው ነገር አይንኮሻኮሽም። የቀለም ሽታም የለውም።

እንግዲያው ጋዜጣው እንቆቅልሹን ማውጣት ትቷል፤ ወይም ራሱ ጋዜጣው ተዘግቷል። ኖርማን ደግሞ ሳይነግራት ፍንጮቹን ቤቱ ደብተር ላይ እየጻፈ ያመጣል። ከመቼ ጀምሮ? ስንቱን? የፈታችው የመጨረሻው የጃርት ፍንጭ የትኛው ነበር?

ማወቅ አማራት። እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እስቲ ጋዜጣውን አንዴ አቀብለኝ።»

ኖርማን ተቁነጠነጠ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ምን ሊያደርግልሽ?» አለ።

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲደብቁ የያዘቻቸው ልጆች ድምፅ ነው። እነሱ ግን የሚደብቁት የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ ይህ የራሱን ነው።

ኖርማን ደግሞ አንዴ ካፈረ አፈረ ነው። በሚስቱ ቀብር ላይ ሲያለቅስ ያየችው ጊዜ፣ ሦስት ወር ሙሉ መንገድ እየቀየረ ሸሽቷት ነበር። ነገ አምስት ሰዓት ላይ የጓሮው በር ላይከፈት ይችላል። ያኔ ቀኑን ምን ታደርገዋለች?

እጇን ሰበሰበች። «ተወው። ዝንብ ልመታበት ነበር፤ ሄደች። ቀጣዩን አንብብ።»

ኖርማን በረጅሙ ተነፈሰ። «የታመመ ስኮትላንዳዊ ውስጥ፣ ብርሃን የሚገባበት። አራት ፊደል።»

ብርሃን የሚገባበት... ዓይን? ዓይን ሦስት ነው። የስኮትላንድ ሰው ስም ይሆን? በሽታ?

«እጅ ሰጠሽ?» አለ። ወንበሩ ደስ ብሎት ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

«ዝም በል!»

ታሪኩን አትመን። ስኮትላንዳዊውን ከነሕመሙ ተወችው። «ውስጥ» የሚለውን ብቻ ይዛ ሁለቱን ቃላት አእምሮዋ ውስጥ ባለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች፤ በመካከላቸው ያለውንም ክፍተት አጠፋችው።

«መስኮት!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ከታመመ መጨረሻ መ፣ ከስኮትላንዳዊ መጀመሪያ ስኮት! እዚያው ቃላቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ! አይ አንተ...» አለችና ዋጠችው። «አይ ጃርት!»

«ጥሩ ነው?» አለ ኖርማን ቀስ ብሎ።

«ምንም አይወጣለትም። እርሳስ ይዘሃል? ለጃርት ደብዳቤ ጻፍልኝ።»

«ለማን?»

«ለጃርት ነዋ። ስኮትላንዳዊው አንጀቴን አራሰው በልልኝ። ግን የሁለት ፊደል መልስ አይፈቀድም፤ ከሦስት ጀምሮ ነው። ደግሞ ጎመን ይቀንስ።»

ኖርማን እርሳሱን አነሳ። ውጭ አውቶቡስ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ከሦስት ጀምሮ» አለ፣ እየጻፈ። «ጎመን... ይቀንስ።»

እርሳሱ ከቃሉ ሥር አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ሲያሰምር ሰማችው። ከዚያ ኖርማን ወደ አዲስ ገጽ ገለጠ፤ ገጹ አልተንኮሻኮሸም።