ድንጋዩ ተጣለ… የልጅቷ ደም ግን አልጠራም!

«አባዬ፣ በቃ! ወይ ድንጋዩ… ወይ እኛ!»

ልጁ ይህን ሲል ማዳበሪያውን በደረጃው እየጎተተ ነበር…

ማዳበሪያው ውስጥ ያለው የአባቱ የሃያ ዓመት ልፋት ነው።

አባትየውን ሰፈርተኛው «አባ ጠጠር» ነው የሚላቸው። ሴራሚክ አንጣፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሥራቸው ድንጋይ መልቀም ብቻ ሆነ። ወንዝ ዳር፣ የተቆፈረ መንገድ ዳር… አጎንብሰው ያልሄዱበት የለም።

ያገኙትን በሴራሚክ ስባሪ ጀርባ ላይ ጫር ያደርጉና፣ የጭረቱን ቀለም አይተው ምን ድንጋይ እንደሆነ ይነግሯችኋል።

«የድንጋይ መልክ ይዋሻል… ጭረቱ አይዋሽም» ይላሉ።

ከዚያ ውሃ እያፈሰሱ ይሞርዱታል፣ ያለሰልሱታል፣ ይበሱታል… ሐብል ይሆናል! ሰፈር ውስጥ የሳቸውን ሐብል አንገቷ ላይ ያላደረገች ሴት ብትኖር ምራታቸው ብቻ ናት።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ…

የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሚጡ ታመመች። ሆዴን ትላለች… ምግብ እምቢ… ፊቷ እንደ ወረቀት ነጣ።

ደሟ ሲመረመር እርሳስ ተገኘ! የሚጻፍበት አይደለም… ያ መርዘኛው ብረት።

ሐኪሙ «ቤት ውስጥ የቆየ ቀለም፣ መጫወቻ፣ ጌጣ…» ብሎ ሳይጨርስ እናትየው ከአፉ ነጠቀችው።

«ድንጋይ ነው ዶክተር! አያቷ ድንጋይ ይፈጫሉ!»

በቃ። ፍርዱ እዚያው ተሰጠ።

አባ ጠጠር ለመኑ። «ልጄ፣ እኔ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። እርሳስ ያለበት አንድም የለም…»

«ደግሞ ሐኪም ሆንክ?» አለ ልጁ።

ማዳበሪያው በቆሻሻ መኪና ሄደ። እሳቸውም በሳምንቱ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እህታቸው ቤት ገቡ። ምራቲቱ ክፍላቸውን ሦስቴ በበረኪና አጠበችው… ሽታው ጎረቤት ድረስ ነው የመጣው!

ሁለት ወር አለፈ። ሚጡ እንደገና ተመረመረች።

የእርሳሱ ቁጥር ይወርዳል ሲባል… ጭራሽ ጨምሯል!!

ባልና ሚስት ልጅቷን አቅፈው በቀጥታ እህትየው ቤት። ሰላምታ የለ፣ ቁጭ ማለት የለ…

«በድብቅ ድንጋይ ሰጥተዋታል አይደል? እውነቱን ይናገሩ!» አለች ምራቲቱ።

እህትየው ዘለለች። «አንቺ! ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷን በዓይኑ አላያትም እኮ! በፖስታ ነው የላከላት?»

አባ ጠጠር አንዱንም አልሰሙም። ዓይናቸው ሚጡ ላይ ተተክሏል…

ልጅቷ አንገቷ ላይ ያለውን ወርቅማ ሐብል አፏ ውስጥ ከታ እንደ ከረሜላ ትመጠዋለች።

«አባባ… ይጣፍጣል» አለቻቸው።

ቀስ ብለው ከአፏ አወጡት። ወርቁ ተልጧል። ከሥሩ ግራጫ ነው… ለመጠኑ ደግሞ ይከብዳል።

ከኪሳቸው የሴራሚክ ስባሪ አውጥተው ጫር አደረጉት… ግራጫ መስመር። በጥፍራቸው ጫን ሲሉት ምልክት ያዘ።



«እርሳስ ነው… ማነው የገዛላት?»



የመለሰችው ሚጡ ናት። «አባዬ ነዋ! ለልደቴ!»

ልጁ ሐብሉን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ አገላብጦ አየው…

በዚያ ልደት ቀን አያቷም በእጃቸው የሠሩትን የድንጋይ ሐብል አምጥተውላት ነበር። «ልጄ ኮረት አታስርም!» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የወረወረው እሱ ራሱ ነው!

«አባዬ… ይቅር በለኝ…»

«ይቅርታው ይቆይህ! ልጅቷን ይዘህ ሩጥ!!»

ሐኪም ቤትም ሐብሉን መርምሮ እሳቸው ያሉትን አለ። ሚጡ አሁን ሕክምና ላይ ናት፣ ቁጥሩም እየወረደ ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን፣ ልጅና ምራት ወደ ቤት ሊመልሷቸው ሲሄዱ አባ ጠጠር የተናገሩት ነው…

«ያንን ሐብል እዚያ ቤት ሳለሁ በየቀኑ አየው ነበር። የኔን ሐብል መሳቢያ ውስጥ ስለወረወራችሁት አኩርፌ ቀረብ ብዬ አልመረመርኩትም። አንዴ ብቻ ጫር ባደርገው ኖሮ!… የአገሩን ጠጠር ሁሉ እየለየሁ የገዛ ልጄን ልጅ አንገት በኩርፊያ አለፍኩት።»

ከዚያ ተነስተው እንዲወጡ በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው።

«ሚጡን ቅዳሜ ቅዳሜ አምጡልኝ። ቃሌ ያልታመነበት ቤት ግን… አልገባም።»

ወገኖቼ… ጥርጣሬ ዓይን ያሳውራል፣ ኩርፊያም ያሳውራል። ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ሐኪሙን እስከ መጨረሻው አስጨርሱት!

እስቲ እናንተ ፍረዱ… አባ ጠጠርን ብትሆኑ ወደዚያ ቤት ትመለሱ ነበር? ወይስ እንደሳቸው በሩን ከፍታችሁ ትሸኟቸው ነበር? ኮመንት ላይ አንብቤ ልደነቅ…