የሦስተኛው ስም ቦታ

ዶሶክ የመጨረሻውን የሩዝ ከረጢት ከመኪናው ላይ በትከሻው አውርዶ ከሌሎቹ ጎን ይደረድረዋል። ከረጢቶቹ ሃያ ሃያ ኪሎ ናቸው። ከላያቸው የአበባ ጉንጉን ይቆማል፣ በጉንጉኑ ላይ ሪባን ይንጠለጠላል። ኮንሰርቱ ሲያልቅ አበባው ይጣላል፣ ሩዙ ለችግረኞች ይሄዳል። አድናቂዎች ለሚወዱት ዘፋኝ የሚልኩት እንዲህ ነው።

ሪባኑን ያቃናል። «ለናሩ፣ ለሃያ አምስተኛ ዓመታችሁ። ከቡሳን እህቶቻችሁ።» ከሥሩ የናሩ ቡድን አራት ዘፋኞች ስሞች ተጽፈዋል። ዶሶክ አንድ በአንድ ያነባቸዋል። ከዚያ ሪባኑን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ጀርባው ባዶ ነው።

ድሮ ስሞቹ አምስት ነበሩ። ሦስተኛው ባን ዶሶክ ነበር፣ እሱ ራሱ። በሃያ ሰባት ዓመቱ ለብቻው ሊዘፍን ከቡድኑ ወጣ። ለአራቱ ጓደኞቹ ያሳወቃቸው በፋክስ ነው፣ በሁለት መስመር። ለብቻው ያወጣው አልበም በመጋዘን ቀረ። አሁን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የአንድ አበባ ቤት ሹፌር ነው፤ የዛሬውን ጭነት ባልደረባውን ለምኖ ነው የወሰደው። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጓል። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ሕዝቡ የዘፋኞቹን ስም በተራ ይጠራል። የእሱን ይጠሩት ይሆን?

ስታዲየሙ በር ላይ የረገፈው የጊንኮ ዛፍ ፍሬ በሰው እግር ተረግጦ ይከረፋል። ከዶሶክ ጀርባ እናትና ልጅ በአበቦቹ መካከል ቆመው ይለማመዳሉ። ሁለቱም የሎሚ ቀለም ያለው ፊኛ ይዘዋል። ልጅቷ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«ፒዮ ሳንጉ፣ ማ ጊሁን፣ ኖ ዩቻን...»

እናትየዋ በፊኛው አናቷን መታ ታደርጋታለች። «ፈጠንሽ።»

«የት ጋ?»

«ከጊሁን በኋላ። ትንሽ ያዢው፣ ከዚያ ዩቻን።»

«እዛ ጋ እኮ ምንም የለም፣ እማ።»

«ስለሌለ ነው የሚያዘው።»

«ጓደኛዬ ሂዮኒ ግን ለትንፋሽ ነው ብላኛለች። ያኔ የነበሩት አሁን ስላረጁ፣ መሀል ላይ ማረፍ አለባቸው አለች።»

«ለሂዮኒ ንገሪያት፣ እናቷ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች።»

ልጅቷ ትስቃለች። «እሺ፣ ታዲያ ለምንድን ነው?»

እናትየዋ የፊኛውን ክር በጣቷ ትጠመጥማለች። «ሰው ነበረበት። ሄደ።»

«ሞቶ?»

«አይ። ዝም ብሎ ሄደ። በይ ድገሚው።»

የዶሶክ እጅ ሪባኑ ላይ እንዳለ ይቀራል። ልጅቷ ትደግመዋለች። በዚህኛው አልተሳሳተችም።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» ትላለች እናትየዋ። «አንድ ፎቶ ያነሱናል? አበባው እንዲገባ አድርገው።»

ዕድሜዋ ከእሱ ብዙ አያንስም። ስልኩን ይቀበላትና፣ ከማንሳቱ በፊት ፊቱን የሸፈነበትን ማስክ ወደ አገጩ ያወርዳል። ሙቀት የለም፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በግራ ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። በዚያ ዘመን የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያቺን ነጥብ በዓይን ኩል ጉንጫቸው ላይ ሥለው ወደ ኮንሰርት ይመጡ ነበር። በዚያ ጎኑ ወደ ሴትየዋ ዞር ይላል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ስልኩን ሲመልስላት ከሚገባው በላይ ቀስ ይላል። እሷ ፎቶውን ታያለች፣ ቀና ብላ ፊቱን ታያለች።

«ጣትዎ ገብቷል» ትላለች ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ በላይ አጮልቃ።

«ዝም በይ፣ ቆንጆ ነው።» እናትየዋ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። «እናመሰግናለን፣ ጋሼ። ማስክዎን ያድርጉ እንጂ። የዘንድሮ ጉንፋን መጥፎ ነው።»

እናትና ልጅ ወደ በሩ ይሄዳሉ። በሩ ላይ የሎሚ ቀለም ፊኛዎች ብዙ ናቸው። የትኞቹ የእነሱ እንደሆኑ ወዲያው ይጠፋበታል።

የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አለቃው ነው፤ አበባው መድረሱን የሚያሳይ ፎቶ ላኪዎቹ እየጠበቁ ነው። ዶሶክ ያነሳል፣ ይልካል። ሥራው አልቋል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ይሰካል፣ አያዞረውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከስታዲየሙ ውስጥ ከበሮው ይነሳል። እግሩ ከእሱ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ፍሬኑ ላይ መምታት ይጀምራል።

ፒዮ ሳንጉ። ማ ጊሁን።

ከዚያ ሠላሳ ሺህ ሰው ዝም ይላል። ዝምታው ልክ የእሱን ስም ያህላል፤ አያጥርም፣ አይረዝምም። እሱ ከሄደ በኋላ የተወለዱ ልጆች ሁሉ ልኩን ያውቁታል።

ኖ ዩቻን። ቹ ኢንሆ።

ከሁለተኛው ግጥም በኋላ ስሞቹ እንደገና ይመጣሉ። ዶሶክ መስኮቱን እስከ ታች ያወርዳል። የጎደለውን ስም እሱ ራሱ ሊለው ይችላል፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የሚሰማው ሰው የለም። ፒዮ ሳንጉ። ማ ጊሁን። ከንፈሩ ይከፈታል።

መልሶ ይገጥመዋል። እንደ ሌሎቹ ዝምታውን ይይዘዋል። በሩ ላይ፣ በአበቦቹ ረድፍ፣ ሪባኖቹ በነፋሱ እርስ በርስ ሲነካኩ ይሰማል።