ሳትሞቅ ትነሳ

አያ ጓንጉል መዳፋቸውን ከቀይዋ መኪና ኮፈን ላይ አሳረፉ። ደሞዝ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የበቅሎ ደላላ ናቸው፤ ደሞዝ መኪና ሊገዛ መሆኑን ሰምተው ማንም ሳይጠራቸው በጧት ጋቢያቸውን ደርበው ከተፍ አሉ። ቀጥለው «ጥርሷን ካላየሁ» እንዳይሉ ነው የፈራው።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የእሽቅድምድም መኪና ናት። እንዲህ ያለችው ሰቆጣ ገብታ አታውቅም። ባለቤቷ ምንዋጋው የወልድያ ሰው ነው፤ በደሞዝ የሦስት ዓመት ቁጠባና ከአባቱ በወረሳት ዳማ በቅሎ ሊለውጣት ተስማምቷል። በቅሎዋም ምንዋጋው ባደረበት በዚሁ ግቢ ከግራሩ ሥር ታስራ፣ ነገሩ እንደማይመለከታት ሁሉ ጆሮዋን ታወዛውዛለች።

ደሞዝ የክሊኒኩ ድሬሰር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሽራይቱን አገኘሁሽን ከኮረም ያመጣል። ከጎኑ አስቀምጧት፣ ጣራዋን አጥፎ፣ ጡሩንባውን እያስጮኸ በገበያው መሀል ሲገባ በሐሳቡ ስንቴ አይቶታል! የሚያስጨንቀው ሞተሯ ብቻ ነው። ሙሽራ ይዞ ዳገት ላይ ቢቆምስ? ያኔ በቅሎም የለው፣ መኪናም የለው።

«ሙቅ ናት» አሉ አያ ጓንጉል።

«ፀሐይ ነዋ፣ አባባ» አለ ምንዋጋው እየሳቀ።

«የቱ ፀሐይ? የጥር ውርጭ እኮ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። ዛሬ ነድተሃታል እንዴ?»

«ኧረ! ከትናንት ጀምሮ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ይልቅ ስሟት!» ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አፍታም ሳይቆይ ተነሳ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። የደሞዝ ልብ ቀለጠ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

«አጥፋት» አሉ ሽማግሌው። «ትቀዝቅዝና እንያት።»

«አባባ፣ ኮረም ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው። ከፈለጋችሁ አሁን፣ ካልሆነ ይቅር።»

ደሞዝ ሽማግሌውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጋቸውና «አያ፣ እባክዎ፣ ሰውየው ሊሄድብኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ በቅሎ አይደለም።»

አያ ጓንጉል አልተቆጡም።

«ስማኝ ልጄ። የምታነክስ በቅሎ ልሸጥ ስል ገዢው ከመምጣቱ በፊት ዳገት አስወጥቼ አወርዳታለሁ። ሰውነቷ ሲፍታታ ማነከሷ ይጠፋል። የሚመለሰው ገዢው ቤት አድራ ስትነሳ ነው። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ስንቷን እንዲህ አድርጌ ሸጫለሁ። መኪና አላውቅም፤ በጧት አሙቆ የሚጠብቅ ሰው ግን አውቃለሁ።»

ደሞዝ ተመልሶ ኮፈኑን ዳሰሰ። ቀኑን ሙሉ የሰው ግንባር የሚዳስስ እጅ ነው፤ እስከ አሁን ግን እዚህ ብረት ላይ ማሳረፉ ትዝ አላለውም። ሞተሩ የሠራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሙቀቱ ግን ሥር የሰደደ፣ ሲነድ ያደረ ትኩሳት ነበር። ሰውየው ዋሽቶታል።

«እንጠብቃለን» አለ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አያ ጓንጉል የቋጠሯትን ቆሎ ፈትተው ለሁለቱም ዘገኑላቸው። ምንዋጋው ደጋግሞ ሰዓቱን አየ፤ ወደ ኮረም ግን አልሄደም። ፀሐይዋ ከግራሩ ጫፍ ከፍ ስትል ሽማግሌው ተነስተው ኮፈኑን ዳሰሱ። «አሁን ቀስቅሳት።»

ቁልፉ ዞረ። መኪናዋ አጓራችና ዝም አለች። እንደገና ዞረ፤ ዝም። በአራተኛው፣ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንዘፍዝፋ ተነሳች። ሆዷ ውስጥ ብረት ከብረት ይጋጭ ጀመር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከኋላዋ የወጣው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ በቅሎዋ ደንብራ ገመዷን ጎተተች።

ምንዋጋው አጠፋትና መሪው ላይ ተደገፈ። «ስትሞቅ እኮ ደህና ናት» አለ ቀና ብሎ ሳያይ። «ለሠርጉ እንኳ ታደርስሃለች ብዬ ነበር። ለመመለሱ... እንጃ።»

ደሞዝ ሄዶ በቅሎዋን ፈታ። አንገቷን ደባበሰና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አያ፣ እኔ እኮ... አፍሬብዎት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለእኔ አይደለም ምስጋናው፤ ለአባትህ ነው። ይቺን ዳማ ለአባትህ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው አታልዬ፣ እሱን ግን ልቤ እንቢ አለኝ፤ ባልንጀራዬ ነበር። ውርጭ ላይ አሳድሬ፣ ሳትሞቅ ነው ያስነሳሁለት። እናትህን ያመጣትም በእሷ ነው።»

ደሞዝ እርካቡን ያዘ። «ይውጡ» አላቸው። እንቢ ቢሉም አልሰማቸውም፤ ደግፎ ኮርቻው ላይ አወጣቸውና ልጓሙን ይዞ ፊት ፊት እየሄደ በገበያው መሀል ገባ። በመኪና ሊያልፍበት ባሰበው መንገድ ነው። ከሱቁ በር የቆመ አንድ የክሊኒክ ባልደረባው ሲያየው ሳቁን አልቻለም።

«ደሞዝ! መኪናዋስ?»

«ቆየኝ» አለ ደሞዝ ሳይቆም፤ «አባቴን ላድርስ።»

አያ ጓንጉል ከላይ ሆነው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አደረጉ።