ቦታውን የሳተ ሐረግ

ኢኒድ ሃርግሪቭ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሊድስ ከተማ ባለ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ሰፈሩ የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የተሠሩ፣ የኋላ በር የሚባል የሌላቸው ናቸው፤ ሰው በሩ በሚከፈትበት መንገድ ያለውን ጎረቤት እንጂ ሌላውን አያውቅም። ተማሪዎቿ እዚያው ተወልደው ትምህርት በልጅነታቸው ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ። ሲናገሩ አፋቸው አይያዝም፤ ጣጣው ሲጽፉ ነው።

ኢኒድ ፈጽሞ የማትታገሠው አንድ ጥፋት ነበር፦ ገላጭ ሐረግ ቦታውን ሲስት።

«ሐረግ አጠገቡ ካገኘው ጋር ይጣበቃል» ትላለች ጠመኔዋን ይዛ። «ማንም ቢሆን ቦታውን ሲለቅ ሰው ያሳስታል። ወደ ቦታው መልሱት።»

አንድ ቅዳሜ መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው የወጣችው የልብስ እጥበት ቤት ሠራተኛዋ ሞሪን ነበረች፤ የሰፈሩ ወሬ አንድም አያመልጣትም። ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ጅራቱን እየቆላ ባሌ ውሻውን አስገባው።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ።

«ባልሽን ጅራት አበቀልሽለት» አለች ኢኒድ።

«ቢኖረውስ መች ይቆላልኛል፣ ሚስስ ሃርግሪቭ!»

ሞሪን ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። በኢኒድ ፊት የባል ነገር አይነሳም። ባሏ ኖርማን ሃርግሪቭ አንዲት ፀጉር ሠሪ ተከትሎ አውስትራሊያ መግባቱን የማያውቅ አልነበረም። ኢኒድ ግን ዛሬም ከትምህርት በፊት ዓሣ መጥበሻ ቤት ጎራ ብላ የሁለት ሰው ዓሣና ድንች ጥብስ ትገዛለች፤ ከክፍል ስትወጣ በቦርሳዋ ይዛው ወደ ቤት ትሄዳለች። የለመደ እጅ ነው እያሉ ያዝኑላታል።

ቀጥሎ ክላይቭ ወጣ። ሌሊት ዳቦ ሲጋግር አድሮ ቀን የሚተኛ፣ በሩ የሚጠብበው ግዙፍ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፦ «አልጋዬ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ።»

«ማንን አስተኝተህ ነው አንተ!» ብላ ሞሪን ጮኸች።

ኢኒድ ሐረጉን ወደ ቦታው መለሰችው፦ «አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ።» ከዚያም ሰሌዳውን ከወትሮው ፈጠን ብላ አጠፋችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክላይቭ ማንም ሳይጠራው ወጣ። «ምድር ቤቴ ውስጥ ውሃ የሚለምን ሰው ሰማሁ» ሲል ጻፈ።

አሁን የሳቀ የለም። የኢኒድ ጠመኔ እጇ ላይ ተሰበረ።

«አስተካክለው» አለች።

«ምድር ቤቴ ውስጥ… ሆኜ፣ ውሃ የሚለምን ሰው ሰማሁ።»

«ሰውየውስ የት ነው ያለው?» አለች ሞሪን።

«እኔ ምን አውቄ! ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመስለው።» ወደ መምህሯ ዞረ። «ለምሳሌ ብዬ የጻፍኩት አይደለም፣ ሚስስ ሃርግሪቭ። ድምፁ በየቀኑ እየደከመ ነው። ሰው እየሞተ ይመስለኛል። ለፖሊስ ልናገር?»

ካፖርታቸውን ሲለብሱ ሞሪን ኢኒድን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«የክላይቭ እንጀራ አባት ከገና ወዲህ አልታየም። ብላክፑል፣ ባሕር ዳርቻ ሄዷል ይላል ክላይቭ። ጥፋተኛ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚጮኸው፣ እመኑኝ። እኔ ብሆን ብቻዬን አጠገቡ አልቆምም!»

የኢኒድ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም ክላይቭን ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ላይ ደረሰችበት።

«ፖሊስ ጋ ከመሄድህ በፊት እኔ ራሴ ልየው» አለችው። «አሁኑኑ።»

ክላይቭ ቤት እንደደረሱ ወደ ምድር ቤቱ በጨለማ ወረዱ፤ እሱ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ከታች፣ ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል፣ ጥፍር ጡብ የሚቧጭር የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

«ሰሙ?» አለ ክላይቭ ትንፋሹን ውጦ።

«መብራቱን አብራ፣ ክላይቭ!» አለች ኢኒድ፤ ክፍል ውስጥ በምታስተምርበት ድምጿ፣ ጮክ ብላ።

ድምፁ ቀጥ አለ።

ብርሃኑ ሲመጣ የሚታየው ከሰል፣ የዛገ ብስክሌትና ሚስማር ላይ የተሰቀለ ግራጫ ኮፍያ ብቻ ነበር። ኢኒድ ከኮፍያው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«የእንጀራ አባትህ ነው?»

«አዎ… አዲስ ገዝቶ ነው የሄደው።» ክላይቭ በበሩ በኩል ቆሟል፤ ደረጃው በእሱ ተሞልቷል።

ኢኒድ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እንዲህ አለችው፦

«የሰማኸው ቧንቧ ነው። አሮጌ ቧንቧ ያለቅሳል። ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ኮፍያ ነው። ሰፈሩ ስለ አንተ ምን እንደሚያወራ ታውቃለህ?»

ክላይቭ ያወቀው ገና አሁን ነበር። ግዙፉ ሰውነቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እርስዎ ባይኖሩ ጉዴ ፈልቶ ነበር፣ ሚስስ ሃርግሪቭ። ለማንም አልተነፍስም።»

«ጆሮህ ውስጥ ጥጥ አድርገህ ተኛ» አለችውና በጎኑ ተሽሎክልካ ወጣች።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ካለው ቀይ የስልክ ቤት ፊት ቆማ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጣቶቿ ከዓሣው ጥቅል ሥር ሲፈልጉ ቆዩ። ያወጣችው ቁልፍ ነበር። ጥጉን ዞራ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባለው መንገድ የመጣችውን ያህል ተመለሰችና የራሷን በር ከፈተች።

የምድር ቤቱን ደረጃ መብራት ሳታበራ ወረደች፤ የቀዘቀዘውን ዓሣ መሬት ላይ አኖረችና በጨለማው ውስጥ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ግድግዳው ስስ ነው አላልኩህም፣ ኖርማን?» አለች።