ከጉብታው የተረፈው

በዚያን ዕለት ጠዋት ለፍተሻ በተዘጋው የእግረኞች ድልድይ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መሐንዲሷና አባቷ። እሷ ከድልድዩ ጫፍ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። እሱ፣ ክብደቱ ተመዝኖ የታወቀው፣ ከማዶ እየተሻገረ ይመላለሳል። "በስተርጅናዬ የሚዛን ድንጋይ አደረግሽኝ" እያለ ሲያስቃት ነው ያረፈደው።

ሰው ሲያልፍበት ድልድዩ ረገብ ይላል፤ የተገጠሙበት መለኪያዎች ይህን ሲመዘግቡም ስክሪኑ ላይ በሰውየው ክብደት ልክ ከፍ ያለ አንድ ጉብታ ይወጣል። መሐንዲሷ ለጉብታው የሚገጥም ኩርባ ትሠራና ከልኬቱ ላይ ትቀንሰዋለች። የተሻገረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የሚተርፈው ቀጥ ያለ መስመር ነው።

አሁን ግን ሌላ ትንሽ ጉብታ ተረፈ፤ ከአባቷ ጉብታ ኋላ ራቅ ብሎ። ነፋስ ይሆናል ብላ አባቷን መልሳ ላከችው። ትንሹ ጉብታ አሁንም አለ፤ ወደ አባቷም ተጠግቷል።

ስልክ ደወለችለት።

"አባዬ፣ ከኋላህ ሰው አለ እንዴ?"

"ማን አባቱ ይመጣል? ዘግተሽው የለ!"

"በል ቶሎ ና። እባክህ።"

መጣ። በዚህኛው ዙር አንድ ጉብታ ብቻ ወጣ፤ ኩርባው ልክክ አለበት፤ ምንም አልተረፈም። እፎይ አለች። ከዚያ የጉብታውን ከፍታ አየች። የአባቷ ክብደት በአንድ ሕፃን ያህል ጨምሯል።

ቀና ስትል፣ ልጅ እንዳዘለ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል።

"ምን ተሸክመህ ነው?"

"ምን እሸከማለሁ? ወገቤን ቆረጠኝ እንጂ።"

ወንበር ሳበችለት። አባቷ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ግን አላስደገፈም።