እሱ የመረጠው ቴአትር

ሦስቱ ጓደኛሞች ለቴአትር ፌስቲቫል ሐዋሳ ሊወርዱ ነው፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚያዩትን ተውኔት ይመርጣሉ። ከሦስቱ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለ ቴአትር ምን ያውቃል!

«ኮሜዲውን እንይ» አለ ድንገት። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ሳቅ አምሮታል። ሐዘኑን ከዘርጋው በቀር ለማንም አልተነፈሰም።

ዘርጋውን ሻዩ ትን አለው። «ተው አቦ፣ እሱ እንኳ ላንተ አይሆንም።»

«አይገባህም ለማለት ነው?»

«ኧረ በማርያም! ውሃ ውሃ ይላል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ሁሌ እናንተ መራጭ፣ እኔ ተጎታች! ዛሬስ ሞቼ እገኛለሁ!»

«እሺ፣ ጌታው የመረጡት ይታያል» ብሎ እንዳሻው ሳቀ። ዘርጋው አልሳቀም።

ሐዋሳ ላይ ከፊት ወንበር አገኙ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ዘርጋው «መጣሁ» ብሎ ወጣ። መጋረጃው ሲከፈት አንድ ሰውዬ የሚስቱን ነጠላ ጫማ ደረቱ ላይ አቅፎ «ተመለሽልኝ» እያለ ይንሰቀሰቃል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንዳሻው እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ጎኑን ጎሸም አደረገው፤ «ጥሩ መርጠሃል ባክህ!»

የእሱ ዓይን ግን ተዋናዩ የለበሰው ኮት ላይ ቀረ። ዘርጋው ለእህቱ ሰርግ ብሎ ከእሱ የተዋሰው ኮት ነው፤ ክርኑ ላይ የገዛ ሚስቱ በቀይ ክር የጣፈችው።