ገመዱን ማን ይስበዋል

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሳያርፍ ትከሻዎቹ ወደ ጆሮዎቹ ይወጣሉ፤ አንገቱ መሃላቸው ይጠፋል።

«ሽምቅቅ አልክ» ይላል አባቱ።

«አላልኩም።»

«ምላጬ አየር ላይ ቀርቶ እያየኸው? ማንን ልታታልል ነው?»

ልጅየው መስታወቱ ውስጥ ያያል። የአባቱ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙም አይደለም፣ ሙሉ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ያህል ነው። ፀጉር ቤቱ አባቱ ከታመመ ወዲህ ዝግ ነው። ዛሬ መጋረጃውን ሳይገልጥ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና «ሳልቆርጥህ ከላጨሁህ ነገ እከፍታለሁ፤ ከቆረጥኩህ ወንበሩን እሸጠዋለሁ» አለው።

ልጅየው እሺ ብሎ ነበር። አንገቱ ግን እንቢ አለ። ባሕር ማዶ ስንት ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ ከባልደረቦቹ ጋር መዝገበ ቃላት አዘጋጃለሁ የሚል ሰው የገዛ አንገቱን ማዘዝ አቃተው።

አባቱ አረፋውን እንደገና ይቀባዋል። «ለመሆኑ ሰሞኑን የትኛው ቃል ላይ ናችሁ?»

ዘዴውን ያውቀዋል። አባቱ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ደንበኛውን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መልስ የሚፈልግ ሰው ምላጩን ይረሳል። እያወቀም ይመልሳል።

«‹ተሸማቀቀ› ላይ።»

«ታላግጥብኛለህ?»

«እውነቴን ነው አባዬ። ግንዱ ‹ሸመቀቀ› ነው። የከረጢት አፍ ላይ ያለውን ገመድ ስትስበው ጭምድድ ብሎ ይዘጋ የለ? ሸምቀቆም ከዚያው ነው። ሰውም እንደዚያ ነው፤ አንድ ነገር ከውስጥ ይስበውና...»

ምላጩ አገጩ ሥር ገብቷል። ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ይርገበገባል።

«ገመዱን የሚስበው ማነው?»

«እሱን አልጻፍነውም።»

«እንግዲያ ምኑን ጻፋችሁት!» ይላል አባቱ፤ የመጨረሻውን አረፋ በፎጣው ይጠርጋል። ፎጣው ነጭ እንደሆነ ነው። የደም ጠብታ የለበትም።

«ትከፍታለህ በቃ» ይላል ልጅየው።

«እንጃ። ደንበኛው ሁሉ ልጄ አይደለም።»

ልጅየው እጁን ዘርግቶ ያንን ቀኝ እጅ ሊይዘው ይሞክራል። ገና ጣቶቹ ሲነኩት የአባቱ እጅ ሸሸት ብሎ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ይገባል። ኪሱ ግን ከላይ እየተርገበገበ ነው።

ልጅየው ዓይኑን ከመስታወቱ ያነሳል።

«ከከንፈሬ በላይ ቀርቶሃል» ይላል። ከዚያ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉሮሮውን ለጣሪያው ሰጥቶ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ ይጠብቃል።